ለወሎ መንገድ የሚሆን ሾክ አብዞርበርና ስትራት እንዴት ይመረጣል?

«ሾኬ አልቋል፤ የትኛውን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከወልዲያም ይመጣልኛል። አብሮት የሚላክልኝ ብዙ ጊዜ የመኪናው ስምና አንድ ፎቶ ነው። በዚያ ብቻ ማንም ትክክለኛ መልስ ሊሰጣችሁ አይችልም። የሻንሲ ቁጥሩ፣ የምትሄዱበት መንገድና የምትጭኑት ጭነት ካልታወቀ ሻጩም እኔም የምንነግራችሁ ግምት ነው። ስለዚህ ሁሉንም እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ። እስከ ደረጃ 4 ያለውን ቤታችሁ ጨርሳችሁ ከዚያ ወደ ሱቅ ሂዱ።

መጀመሪያ ሾክና ስትራትን እንለይ

ሾክ ዘይት የያዘ ቱቦና በውስጡ የሚመላለስ ዘንግ ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ሞላው ይጨመቅና መልሶ ይዘላል። ሾኩ ያንን ዝላይ ያበርዳል። መኪናውን የሚሸከመው ግን ሞላው ወይም ባሌስትራው (ተደራራቢው የብረት ሞላ) ነው፤ ሾክ አይሸከምም። ይህችን ያዙልኝ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው።

ስትራት ደግሞ ሾክም፣ የጎማው መያዣም ነው። ሞላውን ታጥቆ ይቆማል። ከታች ጎማው የሚታሰርበት ብረት ላይ በትልልቅ ቡሎን ይያዛል፤ ከላይ ኮፈኑ ሲከፈት በሚታየው ክብ ቦታ ላይ ይታሰራል። መሪ ስትጠመዝዙ አብሮ ይዞራል። ስለዚህ ስትራት ከተቀየረ የጎማው አቋቋም ይነካል፤ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ግዴታ ይሆናል።

እኛ አካባቢ በብዛት የሚታዩት መኪኖች እንዲህ ናቸው፦

- ራቭ4 እና ግራንድ ቪታራ (እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ያሉት)፦ ፊት ስትራት፣ ኋላ ሾክና ሞላ ለየብቻ።
- ቱሳን፦ ፊቱ ስትራት ነው። ኋላው እንደ ሞዴሉ ዘመን ስለሚለያይ ጎንበስ ብላችሁ እዩ።
- ፕራዶ 90፣ 120 እና 150፦ ፊት ሞላ የለበሰ ሾክ ነው። ስትራት ይመስላል፤ ሱቅ ላይም ስትራት ይሉታል። ጎማውን የሚይዙት ግን የላይና የታች ክንዶች ናቸው። ኋላ ድፍን አክስል (ግራና ቀኝ ጎማን የሚያገናኝ አንድ ወጥ ብረት) ላይ ሾክና ሞላ ለየብቻ።
- ላንድክሩዘር 76፣ 78 እና 79 (እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ)፦ ፊት ሾክና ሞላ ለየብቻ፣ ኋላ ባሌስትራ።
- የድሮው ባለ ቦዲ ፓትሮል (ዋይ60 እና ዋይ61)፦ ፊትም ኋላም ሾክና ሞላ ለየብቻ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሊብሬ፣ ወይም በመኪናው ላይ የተለጠፈው የሻንሲ ሰሌዳ ፎቶ
- ባለ 3 ወይም ባለ 5 ሜትር መለኪያ
- የእጅ ባትሪ (የስልክም ይሠራል)
- ክሪክ፣ ሁለት የብረት መቆሚያ፣ ለጎማ ታኮ
- ጨርቅና የሽቦ ብሩሽ
- ከተገኘ ካሊፐር (የቀዳዳና የዘንግ ስፋት መለኪያ)
- ወረቀትና እስክሪብቶ

ማስጠንቀቂያ፦ መኪና በክሪክ ብቻ ቆሞ ሥሩ አትግቡ። ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ታኮ አድርጉ፣ መቆሚያ አስገቡ። ደሴ ላይ ደልዳላ ቦታ ማግኘት ራሱ ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ዳገት ላይ አትሞክሩት።

ደረጃ 1፦ ጥፋቱ የሾኩ መሆኑን አረጋግጡ

መኪና «ቋ ቋ» ካለ ሁሉም ሰው ጣቱን ወደ ሾክ ይቀስራል። ግን ኮብልስቶን ላይ ቀስ ብላችሁ ስትሄዱ የሚሰማ ቀጭን የመንኳኳት ድምፅ ብዙ ጊዜ የስታብላይዘር ሊንክ (መኪናው ኩርባ ላይ እንዳይጋደም የሚያግዘውን ብረት የሚያያይዘው አጭር ዘንግ) ነው። መሪ ስትጠመዝዙ «ድም» የሚል ድምፅና መንቀጥቀጥ ከመጣ የስትራቱ የላይኛው ማውንቲንግ (ስትራቱን ከላይ ከቦዲው ጋር የሚይዘው ባለ ላስቲክ መቀመጫ) ወይም ኩሽኔታው ሊሆን ይችላል። ያረጀ ቡሽ (መገጣጠሚያ ላይ ያለው ላስቲክ) እና ቦል ጆይንትም (እንደ ኳስ የሚዞረው መገጣጠሚያ) ይንኳኳሉ። እነዚህ ከሾክ የሚረክሱ ዕቃዎች ናቸው። ቀድመው ካልታዩ አዲስ ሾክ ገጥማችሁ ድምፁ እንዳለ ይቀጥላል።

ሾክ ማለቁን የሚያሳዩት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦

ሀ. ዘይት። ቱቦውን በጨርቅ ጥረጉና እዩ። ከላይ ማኅተሙ (ዘይቱ እንዳይወጣ ዘንጉ ዙሪያ የሚዘጋው ላስቲክ) አካባቢ ስስ ላብ የመሰለ ነገር ካለ አትደንግጡ፤ ዘንጉ ሲመላለስ ትንሽ ዘይት ይዞ ይወጣል። ዘይቱ ወደ ታች ወርዶ አቧራ ከለበሰና ጭቃ ከሆነ ግን አልቆለታል።

ለ. የጎማ አበላል። እጃችሁን በጎማው ጥርስ ላይ ዙሪያውን አሳልፉ። አንድ ቦታ ጎድጎድ፣ አንድ ቦታ ጎበጥ እያለ እንደ ማዕበል የሚሄድ ከሆነ ጎማው መንገድ ላይ እየዘለለ ነው። በአንድ ጠርዝ ብቻ ከተበላ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ አላይመንት ይሄዳል።

ሐ. ፍሬን ስትይዙ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ስትወርዱ አፍንጫው ደፋ ይላል? ኩርባ ላይ ከልክ በላይ ይጋደማል? የከፍታ ልዩነቱ ስድስት መቶ ሜትር ገደማ የሆነ ቁልቁለት ነው፤ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይመጣል። የፊት ሾክ ከደከመ ጎማው አስፋልቱን ለቅቆ መልሶ ይነካል፤ በለቀቀ ቁጥር ፍሬኑ ምንም አይሠራም። ሾክ የምቾት ዕቃ ብቻ የሚመስለው ካለ ይህን ቁልቁለት ያስብ።

መ. የእጅ ግፊት። በአንድ ማዕዘን በኩል መኪናውን ደጋግማችሁ ተጫኑና ልቀቁ። አንድ ጊዜ ተነሥቶ ቀጥ ካለ ደህና ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተወዛወዘ ደክሟል። ይህ ለራቭ4 እና ለቪታራ ይሠራል። ለላንድክሩዘር ግን ብዙም አይነግራችሁም፤ ሞላውና ባሌስትራው በሰው ጉልበት እሺ አይልም።

ሠ. የሙቀት ፍተሻ። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ሾክ የመኪናውን ዝላይ ወደ ሙቀት እየቀየረ ነው የሚያበርደው። ሃያ ደቂቃ ያህል ፒስታ ላይ ከነዳችሁ በኋላ አቁሙ። የእጃችሁን ጀርባ መጀመሪያ ወደ ቱቦው አስጠጉ፤ የማያቃጥል ከሆነ ንኩት። አራቱንም ንኩ። ሦስቱ ሞቀው አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ያ ቀዝቃዛው እየሠራ አይደለም። ከጭስ ማውጫው ራቁ፤ እሱ ቆዳ ይልጣል።

ጠዋት ጠዋት ደሴ ላይ መኪናው ለጥቂት ደቂቃ ደረቅ ቢልባችሁ ደግሞ አታስቡ። ዘይቱ በብርድ ወፍሮ ነው።

ኪሎ ሜትርን በተመለከተ፣ የሾክ አምራቾች በተለምዶ 80,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ እንዲቀየር ይመክራሉ። ፒስታ የሚበዛበት መኪና ያን ያህል ላይቆይ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ከጠበቃችሁ ምልክቶቹ ይቀድሟችኋል።

ደረጃ 2፦ ከፍታውን ለኩ

መኪናው ባዶውን፣ ደልዳላ ቦታ ላይ፣ የአራቱም ጎማ ንፋስ ልክ ሆኖ ይቁም። ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ቆርቆሮ) ጠርዝ ቀጥ ብሎ ያለውን ርቀት ለኩ። አራቱንም ጻፉ።

የፊት ግራና የፊት ቀኝ ይቀራረባሉ? የኋላ ግራና የኋላ ቀኝስ? ልዩነቱ ከአንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ካለፈ፣ ወይም ኋላው በግልጽ ከወረደ፣ ችግሩ ሞላው ወይም ባሌስትራው ላይ ነው። የቱንም ያህል ውድ ሾክ ብትገጥሙ መኪናው አይነሣም። ሞላው ከደከመ ሾኩም ሁልጊዜ ከፊል ተጨምቆ ስለሚሠራ ታች ካለው ማቆሚያ ጋር ይጋጫል። አዲሱም ቶሎ ያልቃል። ከወረደ ሞላውን ከሾኩ ጋር አንድ ላይ ቀይሩ።

የአንዳንድ መኪና ሞላ ግራና ቀኙ ከፋብሪካው የተለያየ ነው። ሞላ ስትገዙም እንደ ሾኩ በቁጥር ግዙ።

መኪናው ቀድሞ በረጅም ሞላ ወይም በጭማሪ ብረት ከፍ ተደርጎ ከሆነም አሁን ይታወቃል። እንዲህ ዓይነት መኪና መደበኛ ሾክ ከተገጠመለት ጎማው ወደ ታች ሲንጠለጠል ሾኩ ተወጥሮ ይቆማል፤ ብዙም ሳይቆይ ከውስጥ ይበጠሳል። ለተነሣው ከፍታ የሚሆን ረዘም ያለ ሾክ ያስፈልገዋል።

ደረጃ 3፦ የመኪናችሁን ማንነት በቁጥር ያዙ

«የ2008 ራቭ4» ማለት ለሾክ በቂ አይደለም። አንድ ዓመት የተሠራ አንድ ሞዴል እንደ ሞተሩ፣ እንደ በሩ ብዛት፣ ባለ ሁለት ወይም ባለ አራት ጎማ ግፊት እንደመሆኑ የተለያየ ሾክ ሊኖረው ይችላል። ልዩነቱን የሚያውቀው የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ሊብሬው ላይ አለ። በሹፌሩ በር ቋሚ ወይም ኮፈኑ ውስጥ ባለው ሰሌዳ ላይም ይገኛል። በሁለቱም ቦታ ያለው አንድ መሆኑን አስተያዩና ፎቶ አንሡ።

ቀጥሎ የተገጠመውን ሾክ በሽቦ ብሩሽ ጥረጉና ቁጥሩን ፈልጉ። ተለጥፎ ወይም ተቀርጾ ይገኛል። ነገር ግን ይህን ቁጥር ብቻ አትመኑ፤ ቀድሞ የነበረው ባለቤት የተሳሳተ ዕቃ ገጥሞ ሊሆን ይችላል። ከሻንሲው ጋር አመሳክሩት።

ቶዮታ ከሆነ የዕቃ ቁጥሩ መነሻ አምስት አሃዝ ብዙ ይናገራል፦

- 48510፦ የፊት ሾክ። ግራና ቀኙ በሚለያይበት መኪና ላይ ይህ ቀኙ ነው።
- 48520፦ የፊት ግራ።
- 48530 ወይም 48531፦ የኋላ ሾክ።
- 48131፦ የፊት ሞላ። 48231፦ የኋላ ሞላ።
- 48609፦ የስትራት የላይኛው ማውንቲንግ።

ከሰረዙ በኋላ ያሉት አምስቱ ደግሞ የትኛው መኪና እንደሆነ ይለያሉ። መነሻው ተመሳስሎ ከሰረዙ በኋላ ያለው ከተለየ ዕቃው ሌላ ነው። «ያው ነው፣ ይገባል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ መግባትና መሆን ሁለት ነገር ናቸው።

የሾኩን ጭንቅላትም እዩ። ሽቦ የገባበት ከሆነ ጥንካሬው በኤሌክትሪክ የሚቀያየር ሾክ ነው። በአንዳንድ ከፍ ያለ ደረጃ ያላቸው ፕራዶዎች ላይ ይገኛል፤ ኋላቸው በሞላ ፈንታ የአየር ከረጢት ያላቸውም አሉ። ሽቦ ያለውን በተራ ሾክ መተካት ዳሽቦርድ ላይ መብራት ያበራል፤ መኪናውም ከተሠራበት ልክ ይወጣል። ይህን ሳታጣሩ አትግዙ።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ፣ ባትሪው ብቻ በመቶዎች ኪሎ ይመዝናል። ሾኩና ሞላው ለዚያ ክብደት ተሰልተው የተሠሩ ናቸው። መልኩ ከቤንዚኑ መኪና ሾክ ጋር ቢመሳሰልም ቁጥሩ ካልገጠመ ተዉት። ስታነሡትም ክሪኩን ባትሪው ሥር አታድርጉ፤ አምራቹ ምልክት ያደረገበት ቦታ ላይ ብቻ።

ደረጃ 4፦ መንገዱንና ጭነቱን ጻፉ

ሦስት ጥያቄ ብቻ። ከሳምንቱ ስንቱ ቀን አስፋልት፣ ስንቱ ፒስታ ነው? ብዙ ጊዜ ስንት ሰው ይሳፈራል? ኋላና ፖርቶ መጋላው ላይ ምን ይጫናል?

እውነተኛ መልስ ጻፉ። «አልፎ አልፎ ገጠር እወጣለሁ» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የሚወጣው። ለሁለት ጊዜ ብሎ ዓመቱን ሙሉ በደረቅ ሾክ ወገቡን ያስቀጠቅጣል።

ጭነቱን ደምሩት። አምስት ሰው 350 ኪሎ ገደማ ነው። ሁለት ኩንታል ጤፍ ሲጨመር 550 ይሆናል። ለራቭ4 ዓይነት መኪና ይህ ልክ ያለፈ ነው፤ የትኛውም ሾክ አያስተካክለውም። ለላንድክሩዘር 78 ግን የዕለት ሥራው ነው። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ጭኖ የሚመላለስ ሰውና ልጆቹን ከሆጤ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው አንድ ዓይነት መኪና ቢኖራቸው እንኳ የሚገዙት ሾክ አንድ አይደለም።

ደረጃ 5፦ ዓይነቱን ምረጡ

ገበያው ላይ የምታገኙት በሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያው የዘይት ሾክ ነው፤ ባለ ሁለት ቱቦ (አንዱ በሌላው ውስጥ ያለ)፣ ጋዝ የሌለበት። ለስላሳና ርካሽ ነው። ድክመቱ ፒስታ ላይ ይታያል። ዘንጉ በፍጥነት ሲመላለስ ዘይቱ ይሞቃል፣ አየር ይቀላቀልበታል፣ አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ምንም አያበርድም። ቆሞ ሲቀዘቅዝ ስለሚመለስ ባለቤቱ ሾኩ ደህና ይመስለዋል።

ሁለተኛው ባለ ሁለት ቱቦ ሆኖ በዝቅተኛ ግፊት ናይትሮጅን ጋዝ የተሞላ ነው። ጋዙ ዘይቱን ተጭኖ ስለሚይዘው አረፋው ይቀንሳል። አብዛኞቹ መኪኖች ከፋብሪካ የሚወጡት በዚህ ነው። ከካያባ ኤክሴል ጂ የሚባለው እዚህ ውስጥ ነው። ጠጠር ቱቦውን ቢያጎደጉደው እንኳ ዘንጉ የሚሠራው የውስጠኛው ቱቦ ውስጥ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሥራውን ይቀጥላል።

ሦስተኛው ባለ አንድ ቱቦ፣ ከፍተኛ ግፊት ያለው ጋዝ የያዘ ነው፤ የካያባ ጋዝ ኤ ጀስትና ብዙዎቹ የቢልስታይን ሾኮች እንዲህ ናቸው። ሙቀትን ቶሎ ያስወጣል፣ መኪናውን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። ግን ደረቅ ነው። ቱቦው አንድ ስለሆነም ድንጋይ መትቶ ካጎደጎደው ዘንጉ እዚያው ይያዛል። ሥራችሁ ጠጠር በሚረጭበት መንገድ ላይ ከሆነ ይህን አስቡበት።

በእኔ ሚዛን ምርጫው እንዲህ ነው።

አብዛኛው ጉዟችሁ ከተማ ውስጥ፣ ደሴ–ኮምቦልቻና አዲስ አበባ ከሆነ፣ ለሻንሲያችሁ ቁጥር የተሠራ ባለ ሁለት ቱቦ የጋዝ ሾክ ይበቃችኋል። ሌላ አትፈልጉ።

በየሳምንቱ ከአስፋልቱ ተገንጥላችሁ ፒስታ የምትገቡ ከሆነ፣ ወፈር ያለ ቱቦ ያለው የከባድ ሥራ ሾክ ፈልጉ። ወፍራም ቱቦ ብዙ ዘይት ይይዛል፤ ብዙ ዘይት ለመሞቅ ጊዜ ይወስዳል። ለፕራዶና ለላንድክሩዘር ኦልድ ማን ኢሙ የዚህ ዓይነት አለው። ዋጋው ይከብዳል፤ ለራቭ4 ባለቤት አልመክረውም።

ሁልጊዜ የምትጭኑ ከሆነ፣ መጀመሪያ ለጭነቱ የሚሆን ሞላ ወይም ባሌስትራ፣ ከዚያ ለዚያ ሞላ የተመጠነ ሾክ። ጠንካራ ሞላ በለስላሳ ሾክ መኪናውን ያዘልላል። ለስላሳ ሞላ በጠንካራ ሾክ ደግሞ እያንዳንዷን ጠጠር ወደ ወገባችሁ ይልካል። ሁለቱን ከአንድ አምራች አንድ ላይ መግዛት ይሻላል።

ስለ ስም ከተነሣ፣ ካያባ፣ ቶኪኮ፣ ሞንሮና ሳክስ የታወቁ አምራቾች ናቸው። ቶዮታ በፋብሪካው ከሚገጥማቸው ሾኮች የካያባና የቶኪኮ ሥራ የሆኑ ብዙ ናቸው። ይህ ማለት ግን በካያባ ካርቶን የሚሸጠው ሁሉ ከፋብሪካው ሾክ ጋር አንድ ነው ማለት አይደለም፤ ጥንካሬው ትንሽ ሊለይ ይችላል።

ደረጃ 6፦ አብረው የሚገዙትን አትርሱ

ሾክ ሁልጊዜ በጥንድ ይገዛል፦ ሁለቱ የፊት ወይም ሁለቱ የኋላ። አንዱ ብቻ አዲስ ከሆነ ኩርባ ላይ ወይም በድንገት ፍሬን ስትይዙ ግራና ቀኙ እኩል አያበርዱም፤ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል።

ለስትራት ደግሞ እነዚህን ጨምሩ፦ የላይኛውን ማውንቲንግ፣ ኩሽኔታውን፣ የአቧራ መከላከያ ላስቲኩን፣ ዘንጉ ጫፍ ሲደርስ ግጭቱን የሚያቆመውን ላስቲክ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አቧራ መከላከያው የተቀደደ ከሆነ የፒስታ አቧራ ዘንጉ ላይ ይቀመጣል፣ ማኅተሙን ይፍቃል፣ አዲሱ ሾክ ማፍሰስ ይጀምራል። ማውንቲንጉ ካረጀ ደግሞ ያንኑ የፈታ-ገጠማ ዋጋ ሁለተኛ ትከፍላላችሁ። የዘንጉ ራስ ዳዶም አዲስ ይሁን፤ ብዙዎቹ አንዴ ከጠበቁ በኋላ እንደገና እንዲያገለግሉ የተሠሩ አይደሉም።

ደረጃ 7፦ ሱቅ ላይ መርምሩ

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ካጣችሁት አዲስ አበባ መርካቶ ማዘዝ ነው። የሻንሲውን ፎቶ በቴሌግራም ላኩ፤ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት የካርቶኑንና የሾኩን ቁጥር ፎቶ ጠይቁ። ሁለቱም እንጂ አንዱ አይበቃም፤ ጥሩ ካርቶን ውስጥ ሌላ ዕቃ ማስገባት ቀላል ነው።

ዕቃው እጃችሁ ሲገባ አሮጌውን ጎን ለጎን አስቀምጡና አወዳድሩ፦

- ተዘርግቶና ተጨምቆ ያለውን ርዝመት ለኩ። አዲሱ የጋዝ ከሆነ ራሱ ስለሚዘረጋ የተዘረጋውን ማወዳደር ይቀላል።
- ጫፎቹን እዩ። ቀለበት ነው ወይስ ዘንግ? የቡሎኑ ቀዳዳ ስፋት እኩል ነው?
- ስትራት ከሆነ የሞላ መቀመጫ ሳህኑ ከፍታና ዙር፣ የስታብላይዘር ሊንኩ ማሰሪያ፣ የፍሬን ቱቦውና የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ሽቦው መያዣ ቦታቸው ላይ ናቸው? ርካሽ ኮፒ ብዙ ጊዜ የሚስተው እነዚህን ነው። መያዣው ከሌለ መካኒኩ የፍሬን ቱቦውን በፕላስቲክ ያስረዋል፤ ጎማ ይፈገፍገዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም።
- ዘንጉን በብርሃን አዙራችሁ እዩ። እንደ መስታወት ማብራት አለበት። ጭረት ወይም ዝገት ካለው አትቀበሉ።
- ብየዳውን እዩ። ያልተስተካከለ፣ ፍንጣሪ የበዛበት ከሆነ መልሱ።
- ሁለቱን አቁማችሁ እስከ ታች ጨምቁና ልቀቁ። የጋዝ ጥንዶች በተቀራረበ ፍጥነት መመለስ አለባቸው። የዘይት ሾክ ግን ራሱ አይመለስም፤ ያ ጥፋት አይደለም።

ሻጩ ሾኩን በእጁ ጨምቆ «አየህ ወንድሜ፣ እንዴት ድርቅ እንዳለ!» ቢላችሁ አትሸነፉ። የእጅ ግፊት ቀርፋፋ ነው። ሾክ የሚፈተነው መንገድ ላይ ባለው ፍጥነት ስለሆነ በእጅ የደረቀው ጥሩ፣ የለሰለሰው መጥፎ ማለት አይደለም።

ያገለገለ ሾክ አትግዙ። ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር እንደሠራ የሚያውቅ የለም፤ ቀለም ሲቀባ ደግሞ የፈሰሰው ዘይት አይታይም። በር፣ መብራት፣ መስታወት ሲሆን ያገለገለ ጥሩ ነው፤ እኔም እገዛለሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ «አሮጌውን ቀድደን ዘይት ሞልተን እንበይደዋለን» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ጥላችሁ ውጡ። የጋዝ ሾክ ሲቆረጥ ወይም ሲሞቅ ሊፈነዳ ይችላል። ተሳክቶ ቢበየድ እንኳ የነበረው ግፊትና የዘይቱ ዓይነት አይመለስም።

ደረጃ 8፦ ሲገጠም አጠገቡ ቁሙ

መካኒክ ማስቀየም አይደለም። ከታች ያሉት አራት ነገሮች ትክክለኛውን ሾክ ራሱ ሊያበላሹት ስለሚችሉ ነው።

1. ባለ ሁለት ቱቦ ሾክ ከመገጠሙ በፊት በሚቆምበት አቅጣጫ ቀጥ አድርጎ አምስት ጊዜ ያህል ማመላለስ ያስፈልጋል። ካርቶን ውስጥ ተጋድሞ ሲቆይ ጋዙ ወደ ውስጠኛው ቱቦ ይገባል። ይህ ካልተደረገ መጀመሪያ ላይ ይንኳኳል፤ ሰውም አዲሱ ዕቃ ብልሹ ነው ብሎ ይመልሰዋል።

2. ዘንጉ በፒንሳ አይያዝም። አንዲት ጭረት ማኅተሙን ትበላለች። ዘንጉ እንዳይዞር ራሱ ላይ ለቁልፍ የተዘጋጀ ቦታ አለው። በንፋስ ማሽን መፍታትና ማጥበቅም ዘንጉን በፍጥነት ስለሚያዞር የውስጡን ይጎዳል።

3. የቡሹ ቡሎኖች የመጨረሻ ጥብቀታቸውን የሚያገኙት መኪናው ወርዶ በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ከጠበቁ ላስቲኩ ሁልጊዜ ተጠምዝዞ ይኖራል፤ ቶሎ ይቀደዳል።

4. ስትራት ከሆነ አላይመንት ይሠራ። ፕራዶ ላይም የታችኛው ክንድ ቡሎን ተፈትቶ ከነበረ እንደዚሁ።

ከባድ ማስጠንቀቂያ፦ ስትራትና ሞላ የለበሰ ሾክ ላይ ሞላው ተጨምቆ ነው የተቀመጠው። በሞላ መጭመቂያ በደንብ ሳይያዝ የመሃሉ ዳዶ ከተፈታ ሞላው እንደ ጥይት ይወጣል። ሰው ይገድላል። መጭመቂያ በሌለው ጋራዥ፣ በገመድና በሽቦ የሚያስር ሰው ዘንድ ይህን ሥራ አታሠሩ። ቤት ውስጥማ ጨርሶ። መጭመቂያ ያለው ሰው ማግኘት ካልቻላችሁ ሾኩ፣ ሞላውና ማውንቲንጉ አንድ ላይ ተገጣጥሞ የሚሸጠውን ስትራት ጠይቁ፤ ለብዙ ሞዴሎች አለ። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሥራው ግን መፍታትና ማሰር ብቻ ይሆናል።

ደጋግመው የማያቸው ስህተቶች

«ጠንካራ ከሆነ ጥሩ ነው» ብሎ መግዛት አንደኛው ነው። ከልክ በላይ የደረቀ ሾክ ኮረኮንች ላይ ጎማውን አያስቀምጠውም፤ መሪውም እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል።

የፊቱ ሲያልቅ የፊቱን ብቻ ቀይሮ የኋላውን ጨርሶ አለማየት ሌላው ነው። የኋላው ደህና ከሆነ መተው ይቻላል፤ ግን ታይቶ ይተው።

የጎማ መጠን ትልቅ አድርጎ ሾኩን እንደነበረ መተውም አለ። ከባድ ጎማና ቸርኬ ለማብረድ ይከብዳል። መሪ እስከ መጨረሻ ሲጠመዘዝም ትልቁ ጎማ ስትራቱን ሊነካ ይችላል፤ ሾክ ከመምረጣችሁ በፊት መሪውን በሁለቱም በኩል ጨርሳችሁ አዙሩና እዩ።

የመጨረሻው ደረሰኝ አለመያዝ ነው። የዕቃው ቁጥርና የተገጠመበት ኪሎ ሜትር ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ከገጠማችሁ በኋላ አንድ ሁለት ሳምንት ነድታችሁ ወደ መካኒኩ ተመለሱ፤ ቡሎኖቹን በቁልፍ ይፈትሽ፣ ማኅተሙ አካባቢ ዘይት እንዳለ በባትሪ ይይ። ፋብሪካው የሳተው ሾክ ብዙ ጊዜ በእነዚህ የመጀመሪያ ሳምንታት ነው ማፍሰስ የሚጀምረው፤ ደረሰኝ ይዛችሁ ስትሄዱ ሻጩ የሚቀይርላችሁም ያኔ ነው።